ብሮውዘር እየተዘጋ ሲያስቸግራችሁ ለፎርማት አትቸኩሉ

እኛ ደሴ ውስጥ የኮምፒውተር በሽታ ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት፣ ማለትም ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። ቀሰስ አለ? ፎርማት። ፕሪንተር አልታዘዝ ካለም ኮምፒውተሩን ፎርማት።

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የፓስፖርት ቅጽ በኦንላይን እሞላለሁ። የዲቪ ሰሞን ሲመጣ ደግሞ ወረፋው በር ድረስ ነው። ሥራዬ ሁሉ ብሮውዘር ላይ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ብሮውዘር ለሳምንታት እየተዘጋ አንገበገበኝ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው «ወንድሜ፣ ራምህን ፈትሽ» ቢለኝ ኖሮ ከብዙ ጣጣ እተርፍ ነበር። ራም ማለት ኮምፒውተሩ የከፈታችሁትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ ነው። ማንም አላለኝም። ስለዚህ እኔ ልበላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምጠቀምበት ብሮውዘር ፋየርፎክስ ነው፤ ብዙ ታብ ሲከፈትበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ አንዱ ታብ ብቻ ይሞታል። ክሮምን ብሞክር እሱም ያቺን ያዘነች ፊት ያለችበትን ገጽ እያወጣ ያሳየኛል። ወርድ ግን ሰላም ነው። ፓወር ግዕዝ ከፍቼ ቀኑን ሙሉ ብጽፍ ምንም አይለኝም። ሁሉንም ሰው ያሳሳተው ይሄ ነው። «ሌላው ከሠራ የተበላሸው ብሮውዘሩ ነዋ!» ያላለኝ የለም።

የዲቪው ቀን የደረሰብኝን አልረሳውም። ቅጹ ከተከፈተ በ60 ደቂቃ ውስጥ ተሞልቶ መላክ አለበት። ግማሹን አስቀምጦ ነገ መቀጠል የሚባል ነገር የለም። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር መጥቶ ሞላንለት፣ ፎቶውን ጫንን፣ መላኪያውን ተጫንኩ። ብሮውዘሩ ተዘጋ። ሄደ? አልሄደም? የማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጠው ገጽ አልመጣም። እንደገና እንዳልሞላው፣ በአንድ ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሞላ ሰው ይሰረዛል። እንዳልተወው፣ የመጀመሪያውም ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እናትየው «ምነው የኔ ጌታ፣ ምን ሆነብህ?» ይሉኛል። በመጨረሻ «ይቅር፣ ሁለተኛ አንሞላም» ብሎ የወሰነው ልጁ ራሱ ነው። ገንዘቡን ስመልስላቸው እናቱ አልቀበልም ብለው ተከራከሩኝ። ይህ ደግሞ የበለጠ አሳፈረኝ።

የተለመዱትን ነገሮች በሙሉ አድርጌያለሁ። ማጥፋትና ማብራት፣ አፕዴት ማድረግ፣ ካሽ ማጽዳት፣ አንቲቫይረስ ማስኬድ። ሺፍት ይዤ ፋየርፎክስን በትረብልሹት ሞድ ከፈትኩት። በዚህ ሞድ ኤክስቴንሽኖች (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አይሠሩም፤ ሃርድዌር አክሰለሬሽንም (ገጹን በግራፊክስ ቺፕ አግዞ ማሳየት) ይጠፋል። አሁንም ተዘጋ። አራግፌ እንደገና ጫንኩት። በነገራችን ላይ ይሄኛው እርምጃ ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ፓስወርዳችሁና ሴቲንጋችሁ ያለበት ፎልደር፣ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ስለሆነ፣ አዲሱ ፋየርፎክስ ያንኑ አሮጌ ፕሮፋይል አንሥቶ ይቀጥላል።

ከዚያ ቴክኒሻን ጠራሁ።

ልጁ ጎበዝ ነው ይባላል። ስልኩ አያርፍም። መጣ፣ አንድ ጊዜ አየውና «አብሽር፣ ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አለኝ። ምን ዓይነት ገጽ ላይ ስትሆን ነው የሚዘጋው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ በቅርቡ ምን ቀየርክ፣ አንዱንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን አንድ ነገር ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። «ፋየርፎክስ ውስጥ ያለው ነገር እንዳይጠፋብኝ።» እሱም «አብሽር፣ ዴስክቶፑንም ዶክመንቱንም ይዤልሃለሁ» አለ።

እውነት ነው፣ ሁለቱን ይዟል። የብሮውዘር ፓስወርድ ግን ዴስክቶፕ ላይም ዶክመንት ውስጥም አይቀመጥም። ያለው አፕዳታ በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ፣ ሮሚንግ፣ ከዚያ ሞዚላ፣ ከዚያ ፋየርፎክስ፣ ከዚያ ፕሮፋይልስ የሚለው ጋ ነው። እዚያ ካሉት ፋይሎች «ሎጊንስ ዶት ጄሰን» እና «ኪ4 ዶት ዲቢ» የሚባሉት ሁለቱ ፓስወርዶቹን ይይዛሉ። አንዱ ያለ ሌላው አይጠቅምም። ሙሉውን ፎልደር ፍላሽ ላይ መገልበጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ኮምፒውተር ጠግኖ የሚያድር ሰው ይህን አለማወቁ፣ ወይም እያወቀ መስነፉ፣ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ምን እንደጠፋ ልንገራችሁ። ኢሜይል የሌላቸው ደንበኞች ለፓስፖርት ማመልከቻ ሲመጡ ኢሜይል የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ይጠፋል፤ ተመልሰው እኔው ጋ ይመጣሉ። ለዚህ ብዬ በእነሱ ፈቃድ ብሮውዘሩ ላይ አስቀምጠው ነበር። ያ ሁሉ ሄደ። ከደላንታ ድረስ የመጡ አንድ አባት ቀጠሯቸውን ላይላቸው ሲቀመጡ ኢሜይሉ አልከፈትም አለ። በስልክ ኮድ እናስመልሰው ብል፣ የተመዘገበው ሲም ካርድ የልጃቸው ነው፤ ልጁ ደግሞ ዐረብ አገር ሄዷል። «ታዲያ አንተ ዘንድ አልነበር ያስቀመጥነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው! ቴክኒሻኑ ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ፓስወርድ መያዝ የደንበኛው ኃላፊነት ነው» ብሎኝ ዘጋው። ሒሳቡን ግን ሳይቀንስ ነው የወሰደው።

በዚህ አላበቃም። ዊንዶውስ 10 የነበረውን ማሽን «ይከብደዋል» ብሎ ዊንዶውስ 7 ጭኖበት ሄዷል፤ ያውም 32 ቢት የሚባለውን፣ ከ64 ቢቱ ያነሰ ራም የሚጠቀመውን። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ክሮም ለዊንዶውስ 7 የሰጠው የመጨረሻ ስሪት 109 ነው። ፋየርፎክስም ከ115 ወዲህ ያለውን አይጭንም። ስለዚህ ብሮውዘር ሊያስተካክል የመጣ ሰው፣ አዲስ ብሮውዘር የማይገባበት ማሽን አስረክቦኝ ሄደ ማለት ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ «ብሮውዘርዎን ያድሱ» ይለኛል። በምን ላድሰው?

ግን አንድ የሚገርም ነገር ተፈጠረ። መዘጋቱ ቆመ። ጥቂት ቀናት ምንም ሳይዘጋ ሠራሁ። «ልጁን ያለ ጥፋቱ ነው እንዴ ያማሁት?» ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ሥራው ስለማይሆንልኝ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ራሴ መልሼ ጫንኩበት። ምንም ኤክስቴንሽን የሌለው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ፋየርፎክስ ገባበት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ተዘጋ።

እንግዲህ ልብ በሉ። 32 ቢት ላይ አይዘጋም፤ 64 ቢት ላይ ይዘጋል። ሶፍትዌሩ በሁለቱም እንደ አዲስ የተጫነ ነው፣ ማሽኑ ያው ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም መጠቀም አይችልም። የኔ ማሽን 8 አለው። ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ራም ነው የተሰካበት፤ አንዱ አብሮት የመጣ ነው፣ ሌላውን ከወራት በፊት ያገለገለ ገዝቼ ነው የጨመርኩት። ቴክኒሻኑ ሳያውቀው የማሽኑን ግማሽ ራም ዘግቶ ነበር የሄደው።

ወርድ ለምን እንዳልተዘጋም ያኔ ገባኝ። ራሙን የሠርግ ዳስ አድርጋችሁ አስቡት፤ አንዲት ሰባራ ወንበር ጥግ ላይ አለች። እንግዳ ጥቂት ሲሆን ማንም አይቀመጥባትም። ወርድ ጥቂት እንግዳ ነው። ብሮውዘር ግን ታብ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ፕሮሰስ እያስነሣ ዳሱን ይሞላዋል፤ አንዱ ሰባራዋ ላይ መቀመጡ አይቀርም።

ይህን ከማመኔ በፊት የክራሽ ሪፖርቱን፣ ማለትም ብሮውዘሩ በተዘጋ ቁጥር የሚመዘግበውን ማስታወሻ፣ አየሁ። ፋየርፎክስ አድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አባውት፣ ሁለት ነጥብ፣ ክራሽስ ብላችሁ ጻፉ። የተዘጋበት ቀንና ሰዓት ተደርድሮ ይወጣል። አንዱን ስትጫኑ የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል ላይ እንደወደቀ የሚያሳይ ገጽ ይከፈታል፤ ሲግኔቸር የሚለውን መስመር ፈልጉ። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ሶፍትዌር ነው፤ ኤክስቴንሽን ወይም የግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከግራፊክስ ቺፑ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ጠርጥሩ። የኔ ግን አንዴ ጃቫስክሪፕት የሚያስኬደው ክፍል፣ አንዴ ምስል የሚፈታው፣ አንዴ ሌላ ነበር። እንዲህ ሲበታተን ሃርድዌር ነው ብላችሁ ተነሡ። የፋየርፎክስ ይፋዊ መመሪያ ሃርድዌርን የሚያነሣው መጨረሻ አካባቢ ነው። በኔ አስተያየት፣ በተለይ ያገለገለ ዕቃ በሚበዛበት አገር፣ ፋየርፎክስን ሪፍሬሽ ከማድረግም (ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ከመመለስም) እንደገና ከመጫንም በፊት መምጣት አለበት።

የዊንዶውስ ራሱ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባል መፈተሻ አለው። አስኬድኩት፤ «ምንም ችግር የለም» አለኝ። አትመኑት። ዝም ብሎ ሲጀመር ስታንዳርድ የሚባለውን መካከለኛ ፈተና ነው የሚያደርገው፤ ኤፍ1 ተጭናችሁ ኤክስቴንድድ ካላላችሁት ብዙ ያልፈዋል። እኔ የማምነው ሜምቴስት86 ፕላስን ነው። ነፃ ነው፣ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሥታችሁ ለሌሊቱ ትተዉታላችሁ።

ለሌሊቱ ስል ግን መብራት ካለ ነው። ማታ አስጀምሬ ጠዋት ስመጣ ማሽኑ ጠፍቷል። መብራት ሄዶ ነበር፤ ሜምቴስት ደግሞ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። እንደገና አስጀመርኩ፤ እንደገና ሄደ። የኔ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪ) ፋይል አስቀምጦ ለማጥፋት እንጂ ሌሊት ለማሳደር አይበቃም። በመጨረሻ እሑድ ቀን ሱቁን ዘግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስህተት የሚያሳዩ ቀይ መስመሮች መጡ። የተበላሸው አድራሻ ከ4 ጊጋባይት በላይ ነበር። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ «ይሄው!» ብዬ ጮህኩ።

ቀጣዩ ቀላል ነው። ሶኬቱን ነቅሎ፣ አንዱን ራም አውጥቶ በሌላው ብቻ መፈተሽ፤ ከዚያ መለዋወጥ። ደህናውን ራም በሁለቱም ቀዳዳ ፈትኑት፤ አንዳንዴ የተበላሸው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ይሆናል። የኔው ጥፋተኛ ያገለገለው ነበር። እግሩን በላጲስ አሽቼ መለስኩት፤ ያው ነው። ላጲስ የቆሸሸ እግር ያጸዳል እንጂ የሞተ ቺፕ አያድንም። ስህተት ከዜሮ በላይ ከሆነ ራሙን አውጡት። «አንዲት ስህተት ብቻ ናት» የሚላችሁን አትስሙ።

ሻጩ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። «ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም» አለኝ። የቀዩን መስመር ፎቶ ከስልኬ ላይ ሳሳየው «ይሄማ ቫይረስ ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ። ተውኩትና ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሌላ ገዛሁ። እዚያ ያገኘሁት ሰውዬ «በሜምቴስት ፈትሸው፣ ካልሆነ መልሰው» አለኝ፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ሳልከራከር ከፈልኩ። ያገለገለ ራም ስትገዙ ይህን ቃል ሳትቀበሉ ብር አታውጡ።

ከዚያ ወዲህ ያ ማሽን ላይ ፋየርፎክስ አልተዘጋም። ሁለተኛው ማሽን በቅርቡ መዝጋት ጀምሮ ነበር፤ ሪፖርቱን ባየው ሲግኔቸሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር። ሴቲንግ ገብቼ ሃርድዌር አክሰለሬሽንን አጠፋሁ፣ አለቀ። ያ ቴክኒሻን ቢመጣ ይህንንም ፎርማት ነበር የሚያደርገው።

የደላንታው አባት ኢሜይል ልጃቸው ከዐረብ አገር ኮዱን በድምፅ መልእክት ልኮልን ተከፍቷል። ሌሎቹ አብዛኞቹ አልተመለሱም። ሜምቴስት ያለበትን ፍላሽ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ አሁን ሰኞ ገበያ ያለ ጓደኛዬ ወስዶታል። የሱም ክሮም እየተዘጋ ነው፤ ፎርማት እንዳያደርገው ለምኜዋለሁ።