ከጓሳው ጥግ ያለውን መሬት ከማረሻ ያስጣልነው እንዲህ ነው

ባለፈው ዓመት በሰሜን ሸዋ ካለው ከመንዝ ጓሳ ጥብቅ የሳር ምድር ጋር የሚዋሰን አንድ ቁራጭ መሬት፣ ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች ድንች እንዲያለሙበት ሊሰጥ ነው ሲባል ሰማሁ። መሬቱ ከጥብቁ ወሰን ትንሽ ወጣ ይላል። ግን ቀይ ቀበሮ ማለዳ ማለዳ አይጥ ሲያድንበት በዓይኔ አይቻለሁ። ቀበሮ ደግሞ ወሰን አያውቅም።

መጀመሪያ ማመልከቻ ጽፌ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም እንደሌሉ፣ መሬቱ ከታረሰ የአይጡና የፍልፈሉ ጉድጓድ ፈርሶ የሚበሉት እንደሚያጡ ዘርዝሬ ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው። ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ «ታዲያ እነዚህ ልጆች ምን ይብሉ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን በጣም ከፍቶኝ ተመለስኩ።

አንድ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው መንገዱን ያሳዩኝ። «ልጄ፣ ቀበሮውን ለጊዜው ተወውና ስለ ሳሩ ንገራቸው» አሉኝ። እሳቸው ቄሮ የሚባለውን፣ ጓሳው በጥንት ጊዜ የሚጠበቅበትን ሥርዓት ደርሰውበታል። ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፣ ሳሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ያኔ ባለድርሻው ሁሉ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ለከብቱ ነፍስ ማቆያ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂ ሲጠፋ ሳሩ እንዴት እንደሳሳ እየነገሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ልጆቹን አዳራሽ ውስጥ አልሰበሰብናቸውም። ከአዛውንቱ ጋር ሆነን መሬቱን በእግር ዞርነው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ። አፈሩን ቆፍረው ስስ መሆኑን አዩ። ውርጩን እነሱም ያውቁታል። ከሁሉም በላይ ግን ታች ሰፈር የሚጠጡት ምንጭ ከዚሁ ከጓሳው ሥር እንደሚነሳ ሲያዩ አንደኛው «ይሄንን አርሰን ውሃውን ልናደርቅ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ ማውራት አላስፈለገኝም። ወደ ቢሮ የተመለስነው አብረን ነው፤ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ከምንጩ በታች ያለው የወል መሬት ይሻለናል አሉ። ወራት ወሰደ፣ ግን ተሰጣቸው።

ማመልከቻው ላይ ያጠፋሁትን ጊዜ ከልጆቹ ጋር ባሳልፈው ኖሮ ነገሩ ገና በጠዋቱ ያልቅ ነበር። መሬቱ በስማቸው ከተመራ በኋላ ብደርስ ኖሮ ደግሞ ጠላት ነበር የምሆነው።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ማስረጃ ይሆናል ብዬ ግልገሎች ያሉበትን ጉድጓድ ፎቶ አንስቼ ቦታውን ጭምር ለሰው ላክሁ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሰው ሊያይ መጣ፣ እናቲቱም ግልገሎቿን ይዛ ሄደች። የት እንዳደረሰቻቸው አላውቅም። እባካችሁ፣ የጉድጓድ ቦታ ለማንም አትናገሩ።

አሁን የቀረን ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀበሮው ከተሻገረ መንጋውን ሊጨርሰው ይችላል፣ ታች ያለው እርሻ ደግሞ ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል። ከልጆቹ ሁለቱ ውሾቻቸውን አስከትበዋል። ለቀሩት ቤት ለቤት እየዞርን ነው።