ቦርድ እና ቦሪንግን ለሰፈር ልጆች ያስረዳሁበት መንገድ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሰዓት በኋላ ልጆች አስጠናለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቦርድ (bored፣ የሰለቸው) እና የቦሪንግ (boring፣ አሰልቺ) ልዩነት ቀድሞ እንዲገባቸው እፈልጋለሁ። ትምህርቱ ሲሰለቻቸው «አይ አም ቦሪንግ» ይላሉ። እኔ አሰልቺ ነኝ እንደማለት ነው።

አልፈርድባቸውም። በአማርኛ ሰለቸኝ፣ ደከመኝ፣ ገረመኝ ነው የምንለው። ስሜቱ የደረሰበት ሰው መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኖ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን ሰውዬውን ከፊት አስቀምጦ ግሡን ቅጽል ያደርገዋል።

ብዙ ቦታ የቃሉን መጨረሻ (-ing እና -ed) ይዞ «ኢንግ ለነገር፣ ኢዲ ለሰው» እየተባለ ይሸመደዳል። አልወደውም፤ አሰልቺ አስተማሪስ የለም እንዴ? እሱም ቦሪንግ ነው። እኔ ወደ አማርኛው እመልሳቸዋለሁ። የሚያሰለች ከሆነ ቦሪንግ፣ የሰለቸው ከሆነ ቦርድ። የሚያደክም ታይሪንግ፣ የደከመው ታይርድ። ይቺ «የሚያ» ብዙ አግዛናለች።

ቀጥሎ ሰፈር ውስጥ ያሉ ቃላትን ለቀምን። ደላሎች ቤት ሲያከራዩ «ፈርኒሽድ» ይላሉ፤ ዕቃ የተሟላለት ማለት ነው። የስልክ ሻጮች «ስላይትሊ ዩዝድ» ይላሉ፤ ትንሽ የተሠራበት። ልጆቹ ለካ ሕጉን ሳያውቁት ይዘውት ኖሯል!

አማርኛው የማያግዝበትም ቦታ አለ። እኛ «የፈላ ውሃ» ስንል ምድጃ ላይ የሚንተከተከውም፣ ፈልቶ ቀዝቅዞ ጆግ ውስጥ የተቀመጠውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩና ከጎኑ ጆጉን አስቀመጥኩ። የሚንተከተከው ቦይሊንግ ዋተር፣ የምንጠጣው ቦይልድ ዋተር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተምታታበትም።

ብሮክን (የተሰበረ)፣ ስቶልን (የተሰረቀ)፣ ፍሮዝን (በረዶ የሆነ) መጨረሻቸው ላይ ኢዲ የላቸውም። እነዚህን ከግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር መሸምደድ ነው፤ አቋራጭ አላገኘሁላቸውም።

«ኢንግ» ያለው ሁሉ ደግሞ ቅጽል አይደለም። ዳይኒንግ ሩም ላይ «ምግብ የሚበላው ክፍሉ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ቃሉ የክፍሉን አገልግሎት የሚናገር ስም ነው፤ መመገቢያ ክፍል። ሁሉም ቤት ሲያድስ የሚያወራለት ፊኒሺንግም እንደዚያው የሥራ ስም ነው።

አሁን ቅጽሉን ለብቻው አላስይዛቸውም። ኢንተረስትድ ኢን፣ ታይርድ ኦፍ፣ ቦርድ ዊዝ እያልን ከነመስተዋድዱ ነው የምናጠናው፤ በአፍ ዓረፍተ ነገር ሲሠሩ የሚያደናቅፋቸው እሱ ነውና።