የአትክልት ቡድናችን በሙቀቱ ወራት፦ እስካሁን የደረስንበት

ችግኞቹ መደብ ላይ ከገቡ ወዲህ የቡድናችን ሥራ መልኩን ቀይሯል። ተከላው አልቋል፤ ምርቱ ገና ነው። ከአእምሮ ሕመም እያገገሙ ካሉ ሰዎች ጋር ስትሠሩ ፈታኙ ይህ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው። «ዛሬስ ምን እንሠራለን?» ሲባል መልሳችሁ ሁልጊዜ «አረም» ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹ ሰው ይቀራል።

አሁን የያዝኩት መላ ይህ ነው። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አንድ የሚያዘግም ሥራ ይኖራል፤ አንድ ደግሞ እዚያው ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ። የሚያዘግመው ሱፍ ነው፣ ቲማቲም ነው። ቁመታቸውን በሲባጎ እየለካን ቋጠሮ እናስርበታለን። ግን በድብርት ውስጥ ላለ ሰው «ከሁለት ወር በኋላ ታያለህ» ቢሉት አይዋጥለትም። ዛሬ የጨረሰው ነገር ያስፈልገዋል።

ለዚህ ከሁሉም የሚበልጥብኝ በሶብላ መቀንጠስ ነው። ጫፉ ከአንድ ጥንድ ቅጠል ከፍ ብሎ ሲቆረጥ፣ ከቅጠሎቹ ብብት ሁለት አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። መቁረጥ የሚፈራ ሰው አይጠፋም፤ «ቢደርቅስ?» ይላል። በሌላ ቀን ሲመጣ ሁለቱን ቀንበጦች ራሱ ያገኛቸዋል። እዚህ ላይ እኛ አመቻቾች ስለ ሕይወት ስብከት መጀመር እንወዳለን። እባካችሁ ተዉት፤ ሰውየው አይቶታል። የተቆረጠው ጫፍም አይጣልም። የታችኞቹ ቅጠሎች ተነቅለው ውሃ ውስጥ ቢቆም፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥር ይሰዳል። ዕቃው ብርጭቆ ይሁን፤ ሥሩ ሲወጣ መታየቱ ነው ደስታው።

እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ተሳታፊዎች ጥቃቅን ዘር መዝራት ያበሳጫል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የዘር ጥብጣብ እንሠራለን፦ ስስ የወረቀት ቁራጭ፣ የዱቄት ሙጫ፣ ዘሩን በርቀት በርቀት ማጣበቅ። ሲደርቅ ወረቀቱ እንዳለ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ናና ለማንም አይከብድም፤ ግን ሥሩ መደቡን ሁሉ ስለሚወርስ በማሰሮ ብቻ ትከሉት።

ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጠል መሸምጠጥ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ክብ ሠርተን ስንቀመጥ አፋቸውን የማይከፍቱ ሰዎች እዚህ ያወራሉ። እጅ ሥራ ይዟል፣ ዐይን ወደ ታች ነው፣ ማንም በማንም ላይ አያፈጥጥም። እኔም ጥያቄ አላበዛም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሆስፒታል ውስጥ እንጨት የሚቆርጡና የአትክልት ቦታ የሚቆፍሩ የአእምሮ ሕሙማን ብዙ ጊዜ እንደሚድኑ፣ በማዕረጋቸው ምክንያት ሥራ የማይነኩት ግን እዚያው እንደሚማቅቁ ጽፏል። ይህን አንብባችሁ ግን ሰው ወደ ማስገደድ እንዳትሄዱ። በእኛ ቡድን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ናና ማሽተትም እንደ መሳተፍ ይቆጠራል።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር፦ ሙቀቱ። ሥራውን ወደ ማለዳ አዙረነዋል፤ አሳጥረነዋልም። ሊቲየም የተባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውሃ ካጠረው፣ በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን አደገኛ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ክሎርፕሮማዚን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። ላብ የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ሰውየው ሳይታወቀው ሰውነቱ ይግላል። ስለዚህ ወቅቱ ሳይገባ ከሕክምና ባለሙያው ጋር ተነጋገሩ። በቡድኑ ፊት ግን «አንተ የምትወስደው ምንድን ነው?» አይባልም። ውሃ ለሁሉም፣ ባርኔጣ ለሁሉም፤ ማንም ተለይቶ አይታወቅም።

የተዘጋጀ አፈር በከረጢት የምትገዙም ተጠንቀቁ። አቧራው ሳንባ የሚያጠቃ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ፊታችሁን አርቃችሁ ክፈቱት፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ከዚያ በጓንት ንኩት። ጉሎና አስተናግር መርዛማ ስለሆኑ ግቢው ውስጥ ካሉ ይነቀሉ።

ቀጣዩ ሥራችን ከፍ ያለ መደብ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ አባላት አሉን፤ እስካሁን የሚሠሩት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ስፋቱን ከሁለት ወገን ለሚደረስበት 120፣ ከአንድ ወገን ብቻ ለሚደረስበት 60 ሴንቲ ሜትር አድርገን አስበናል። ጉልበት ከሥሩ የሚገባበት ክፍት ቦታ እንዲኖረው እንፈልጋለን፤ ግን የአፈሩ ክብደት አሳስቦናል። የሠራችሁ ካላችሁ ከምን እንደሠራችሁትና ከታች እንዴት እንደደገፋችሁት ንገሩን።