ሐዋሳ ላይ መንገድ ልናሰፋ ተነስተን መጋጠሚያውን ለምን እንዳስቀደምን

ሐዋሳ ገበያው አካባቢ አንድ መንገድ ሊሰፋና መጋጠሚያው ሊስተካከል ሲታሰብ የፕላን ስራውን ከያዝነው ልጆች አንዱ ነበርኩ፣ እንዲህ አይነት ስራ እጁ ላይ ላለ ሰው ይጠቅማል ብዬ እንዴት እንደሰራነው ልንገራችሁ።

የመጣልን ጥያቄ አጭር ነበር፣ "መንገዱ ጠቧል አስፉልን"። እኛ ግን ዲዛይን ከመንካታችን በፊት ቆጠራ ገባን። ጠዋት ስራ መግቢያና ማታ መውጫ ላይ፣ በአዘቦት ቀንም ሰኞና ሐሙስ ገበያ ሲቆምም፣ ስንቱ ቀጥ ይላል ስንቱ ወደ ግራ ይታጠፋል እያልን ለየብቻ። አደራ ባጃጅ፣ ሳይክልና እግረኛ እንዳትዘሉ፣ ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ሚነዳው ብዙ ነው፣ መኪና ብቻ ተቆጥሮ የተሰራ ዲዛይን ለዚህ ከተማ አይሆንም።

ከቆጠራው ያየነው ምን መሰላችሁ፣ መሀል መንገዱ ላይ መኪናው ደህና ይሄዳል፣ ሰልፉ ሚፈጠረው መጋጠሚያው ላይ ነው። ወደ ግራ ሚታጠፈው ከፊት ሚመጣውን እየጠበቀ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል፣ ባጃጆቹ ደግሞ ልክ ማዕዘኑ ላይ ቆመው "አቶቴ አቶቴ" እያሉ የሰፈር ስም እየጠሩ ይጭናሉ፣ በቃ ሁለት መስመር አለ ተብሎ ሚሰራው አንዱ ብቻ ነው። ይሄን ሳትነኩ መንገዱን እጥፍ ብታደርጉት ሰልፉ ይሰፋል እንጂ አያጥርም። ስለዚህ ለግራ ታጣፊ የራሱን መስመር፣ ለባጃጅ ከማዕዘኑ ራቅ ብሎ ከአስፋልቱ ገባ ያለ መጫኛ አስቀደምን። አደባባይም አይተናል፣ ጥሩ ነገር አለው፣ አራት መንገድ ሚገናኝበት ተራ መጋጠሚያ ላይ መኪኖች ሊጋጩ ሚችሉባቸው 32 ነጥቦች ሲኖሩ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ናቸው፣ ግን ቦታ ይበላል፣ እኛ ጋ አራቱም ማዕዘን ሱቅ ነው።

ለኔ ትልቁ ነገር እግረኛው ነው። ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይራመዳል ተብሎ ነው ሚሰላው፣ 14 ሜትር አስፋልት ለመሻገር 12 ሰከንድ ማለት ነው፣ ዘንቢል የያዙ እናትና ሽማግሌ ደግሞ ከዛም ይቆያሉ። መሀል ላይ ሰው ቆሞ ሚጠብቅበት ስፋት ያለው አካፋይ ካለ ግን ግማሹን ተሻግረው አረፍ ብለው ሌላውን ይሻገራሉ። ስብሰባ ላይ "አካፋዩን አጥብበን ለመኪና እንስጠው" ሲባል እምቢ ያልነው ለዚህ ነው፣ ዛሬም ቢጠይቁኝ እምቢ ነው ምለው።

ወሰን ማስከበር ላይ፣ ማለትም ለመንገዱ ሚፈለገውን መሬት ከቤትና ከአጥር ነጻ ማድረግ ላይ፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ ቀድሞ መከፈል እንዳለበት ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ሚነካው ቤት በበዛ ቁጥር በጀቱም ጊዜውም ይሄዳል። በሁለቱም ጎን እኩል ከማስፋት መሀል መስመሩን አጥር ወደሚበዛበት ጎን ገፋ አደረግነው፣ ሱቆቹ ተረፉ። ሚፈርሰው ላይ ቀይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ደግሞ ቤት ለቤት ሄደን ተነጋገርን።

የጎርፉን ነገር ያሳዩን ጥግ ላይ ቡና ሚሸጡ እናት ናቸው። "ልጄ፣ መኪናውን ትቆጥራላችሁ፣ ውሃውንስ ማን ይቁጠርላችሁ?" ብለው ሱቁ ግድግዳ ላይ ከደረጃው በላይ የደረቀውን የጭቃ መስመር በጣታቸው አሳዩን። ቀያሾቹ ሌቭል ሲይዙ፣ የመሬቱን ከፍታ ሲለኩ ማለት ነው፣ እውነትም ዲቹ (የጎርፍ መውረጃ ቦዩ) ተዳፋት የለውም፣ በዛ ላይ ፌስታልና ደለል ሞልቶታል። ዲቹን እንደ አዲስ ዲዛይን አደረግነው፣ ደለልና ቆሻሻ ማስቀሪያም ጨመርንበት፣ ምክንያቱም ውሃው ዞሮ ዞሮ ሚገባው ሐይቁ ውስጥ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባው ደለልና ቆሻሻ እዛው ይቀራል።

የውሃ ቱቦ፣ የቴሌ ኬብልና የመብራት ፖል ጉዳይ ስራ ሲጀመር ይታያል ሚባል አይደለም። ካርታው ላይ ያለው ቱቦና መሬት ውስጥ ያለው ሁሌ አይገናኝም፣ ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ በአካፋ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍረን የቱቦውን ጥልቀት ለክተን ነው ስዕሉ ላይ ያስገባነው። ለየመስሪያ ቤቱ ደብዳቤ ብቻ አትላኩ፣ ስዕሉን ይዛችሁ ባለሙያቸውን ሳይት ላይ አምጡ፣ ማን ምን መቼ እንደሚያነሳ እዛው ተፈራረሙ፣ ኮንትራክተሩ ማሽን ይዞ ከገባ በኋላ አንድ ፖል እስኪነሳ ሲጠበቅ የሚቆጥረው ክፍያ ከከተማው ኪስ ነው ሚወጣው።