ሕክምና ያመለጠኝ በሎጂክ ግሬድ ነው

መሐል ሜዳ ከተማ ስንማር አስተማሪዎቻችን «ማትሪክ ላይ ጥሩ አምጡ እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው» ይሉን ነበር። አምኜ አጠናሁ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተነው ተማሪ ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነው፤ እኔ ከ500 በላይ አመጣሁ። ደብረ ብርሃን በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይሞላ ነበር። የደረሰኝ ግን ሌላ፣ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እኛ ጋ ለሕክምና የምንወዳደረው ማትሪኩና የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት) ጂፒኤው፣ ማለትም አማካይ ውጤቱ፣ ተደምሮ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ያላወቅኩት፣ ግሬድ ተሠርቶም ሊጠፋ እንደሚችል ነው።

ሎጂክ በሚባለው ኮርስ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ ከ30 26 አመጣሁ። ወረቀቱን አይቼ ለመምህሩ መለስኩ። ግሬድ ሲለቀቅ ሲ ፕላስ! የተለጠፈውን ዝርዝር ሳየው በመታወቂያ ቁጥሬ ትይዩ፣ በሚዱ ቦታ፣ ሰረዝ ብቻ አለ። ያለ ሚዱ በተያዘልኝ 62 ላይ 26 ቢደመር 88፣ ኤ ነበር። ኤ 4፣ ሲ ፕላስ 2.5 ነው፤ ኮርሱ ባለ 3 ክሬዲት ስለሆነ 4.5 ነጥብ ሄደ፤ 18 ክሬዲት ለያዘ ሴሚስተር ከጂፒኤው 0.25 ማለት ነው። ሕክምና ፈላጊው በሽርፍራፊ ነጥብ በሚለያይበት ይህ ብዙ ነው።

መምህሩ የለም። ትምህርት ክፍሉ ወደ ሬጅስትራር፣ ሬጅስትራሩ መልሶ ወደ ትምህርት ክፍሉ። «ነገ ብቅ በል» እየተባልኩ ሦስት ሳምንት እዚያች መስኮት ሥር ቆምኩ። ግሬዱ የተስተካከለው የትምህርት ክፍል ምደባ ከወጣ በኋላ ነው። ሠራተኛዋ «ይኸው፣ ተስተካክሎልሃል እኮ» አለችኝ። ምደባው ግን አይነካም ተባለ፤ ነርሲንግ ገባሁ። ያቺ «እኮ» ዛሬም ታንገበግበኛለች።

በራሴም እናደዳለሁ። ያን ሁሉ ቀን በአፍ ብቻ ስጠይቅ አንድ ማመልከቻ አልጻፍኩም። ቀን ያለው፣ መዝገብ ቤት ቁጥር የሰጠው ወረቀት ቢኖረኝ ቅሬታዬ ከምደባው በፊት መቅረቡን አሳይ ነበር።

ቅሬታ የሚቀርበው ግሬድ ከወጣ በኋላ ነው ቢሏችሁ አትጠብቁ። ፋይናል ሳትፈተኑ የኩዊዝና የሚድ ውጤታችሁ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ፤ «ገብቷል» መባል አይበቃም። የታረመ ወረቀት ሳትመልሱ በስልካችሁ አንሱት። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው ሎጂክንም ጂኦግራፊንም እንደ ባዮሎጂ ያጥና፤ ጂፒኤው አይለያቸውም።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት። ትናንት የሒሳብ ሚድ ወረቀቷን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሁለተኛው ገጽ ደብዝዞ ነበር፤ ሳትመልሺው ድገሚው አልኳት።