ሁለቱም ልክ ነበርን

ውሃው ያው ነው፤ ቦይለሩም ያው። የቀን ሽፍት አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የማርከስ አቅሙ) 640 እንጽፋለን፣ የማታዎቹ 320።

ያኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። ኃላፊያችን የወደደው የማታውን ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብሎውዳውን (የተጠራቀመበትን የቦይለር ውሃ እያስወጡ መድፋት) ይቀነሳል፤ የፈላ ውሃ በከንቱ አይደፋም፣ ነዳጅ ይተርፋል። «የማታዎቹ ሥራ ያውቃሉ» አለ፣ እኔ እየሰማሁ። ይቺን ዛሬም አልረሳኋትም።

አንዱን ናሙና በሁለታችንም አሲድ ቲትሬት አደረግኩት፤ አሲዱን እያንጠባጠብኩ ስንት እንደሚበቃው ለካሁ። በ50 ሚሊ ሊትር ናሙና ከኔው አሲድ 32 ሚሊ ሊትር ወሰደ፣ ከማታው 16። ልክ ግማሽ! ላብ ውስጥ ልክ ግማሽ በአጋጣሚ አይመጣም። የማታውን ጠርሙስ አየሁት፤ «ሰልፈሪክ አሲድ 0.02» ይላል። 0.02 ምን? የለም።

ያዘጋጀው ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አዲስ ልጅ ነው።

«ሞላር ነዋ ጋሼ! ኖርማሊቲ እኮ ቀርቷል። የዓለም የኬሚስትሪ ማኅበሩ አይዩፓክም አይመክረውም።»

«ግድግዳው ላይ ያለው ቀመር ግን በኖርማል ነው። ሞላር የአሲዱን ሞለኪውል ይቆጥራል፣ ኖርማል የሚሰጠውን ፕሮቶን። ሰልፈሪክ ሁለት ፕሮቶን ይሰጣል። ያንተ 0.02 ሞላር 0.04 ኖርማል ነው፤ ለዚህ ነው ግማሹን የሚበላው።»

«ፐርማንጋኔትስ? እዚያ የሚቆጠረው ኤሌክትሮን ነው። በአሲድ ውስጥ ሞላሪቲው በ5 ይባዛል፣ በገለልተኛ በ3። አንድ ጠርሙስ ሁለት ኖርማሊቲ! ይሄ መለኪያ ነው?»

እውነቱን ነው። ያበሸቀኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ሃይድሮክሎሪክ ቢያዘጋጅ ኖሮ አንድ ፕሮቶን ብቻ ስለሚሰጥ ሞላሩና ኖርማሉ እኩል ስለሆኑ ማንም ሳያውቅበት ያልፍ ነበር። እኔም አልለቀቅኩትም፤ «ቀመሩን ሳትቀይር አሲዱን አትቀይርም» አልኩት። ድምፃችን ከፍ ሳይል አልቀረም።

የቦይለሩ ኦፕሬተር በር ላይ ቆመው ሲሰሙን ቆይተዋል። ዕድሜያቸውን ከእሳት ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ኬሚስትሪ አልተማሩም።

«አብሽሩ፣ አትጣሉ» አሉ። «እንፋሎቱ ግን ከሰሞኑ ውሃ ይዞ እየወጣ ነው። አረፋ አብዝቷል። ብሎውዳውን ቀንስ ካላችሁኝ ጀምሮ ነው።»

ልጁ ዝም አለ፤ አልካሊኒቲ ሲበዛ የቦይለር ውሃ አረፋ እንደሚያበዛ ያውቃል። ጠርሙሱን ይዘን ኃላፊው ዘንድ ገባን። ሞላር፣ ኖርማል፣ ፕሮቶን፣ ሁሉንም አስረዳነው። ልጁም ተጨንቆ፣ ሳይደብቅ ነው የተናገረው። ኃላፊው ጥሞና ሰጥቶ ሰማን፣ ካልኩሌተሩን ሳብ አደረገ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አይደል? በቃ አማካዩን ጻፉ።»

የዚያ ወር ሪፖርት 480 ተብሎ አዲስ አበባ ሄደ። ኃላፊያችንም ብዙ ሳይቆይ በዕድገት ወደዚያው ተዛወረ።