ከታቦር በቦረቦሩ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ

ሐዋሳ ያለውን የታቦር ተራራ መውጣቱ ቀላል ነው፤ ሳትቸኩሉ ከሄዳችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃችኋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው መውረዱ ነው፤ በተለይ በዛፎቹ መሀል ጎርፍ የቦረቦረውን ሸለቆ ይዞ ወደ ሐይቁ የሚወርደው።

አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ አመድና ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ነው። ጠጠሩ ከጫማ ሥር ይንከባለላል፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲነጠፍበት ደግሞ እግር የሚረግጠውን አያውቅም። ጉልበታችሁን ሸብረክ፣ እግራችሁን አግደም አድርጋችሁ በአጭር በአጭር እርምጃ ውረዱ። በተረከዝ የሚወርድ ሰው መንሸራተቱ አይቀርም፤ ሲያዳልጠው ደግሞ እጁ የሚዘረጋው ግራሩ እሾህ ላይ ነው። ምርኩዝ ያዙ። ሶሉ ያላለቀ ጫማ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ።

ያናደደኝ ጠመዝማዛውን መንገድ ትቶ ቁልቁል የሚቆርጠው ሰው ብዛት ነው። አቋራጩ በበጋ መንገድ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይወርድበትና ሌላ ቦረቦር ይሆናል። የታጠበው አፈር መድረሻው ሐይቁ ነው። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። እባካችሁ በነባሩ መንገድ ውረዱ። ሰማዩ ከጠቆረ የቦረቦሩን ወለል ለቃችሁ ዳር ዳሩን ያዙ፤ ላይ የዘነበው ታች ሳይታሰብ ይደርሳል።

የአዳማ ሰው ነኝና ጥላ አልጠግብም፤ ከሾላዎቹ ሥር ብውል ደስ ባለኝ። ግን በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የሚደምቀው በማለዳ ነው። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ያራግፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች አንጀቱን ይሻማሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ ሞልቷል፤ እኔ ግን ጥብሱንና ትኩስ ሾርባውን እመክራለሁ። ዳቦ ከያዛችሁ ቦርሳችሁን ዝጉ፤ ጦጣዎቹ ከእጅ ይነጥቃሉ።

ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋው ለጀልባው ይሁን ለነፍስ ወከፍ፣ መመለሻውንም ይጨምር እንደሆነ አስረግጣችሁ ተነጋገሩ፤ እኔን ስንመለስ እጥፉን ጠይቀውኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚበረታ ጠዋቱ ይሻላል።

ከቁልቁለቱ በኋላ እግርን ሐይቁ ውስጥ መንከር ያምራል። ሣር በበዛበት ዳር ግን ብልሃርዝያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ ትሉ የሚገባውም በቆዳ በኩል ነው። እግራችሁን ይዛችሁት በመጣችሁት ውሃ ታጠቡ።